ቀበቶው የት ጋ ነው ያረፈው?

በወለድኩ በ11ኛው ቀን ነው። ልጁ ከሰዓት በኋላ የጀመረውን ለቅሶ አላቆም አለ። አጠባሁት፣ ዳይፐሩን ቀየርኩለት፣ አስገሳሁት። ወይ ፍንክች! አልጋው ላይ ሳስተኛው ይጮኻል፣ ሳነሳው ዝም ይላል። ክንዴ ዝሏል። በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ በተቀመጥኩና በተነሳሁ ቁጥር ስፌቴ ይጠዘጥዘኛል። እርጉዝ ሆኜ የገዛሁት ማዘያ ቁም ሣጥን ውስጥ መኖሩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ኤርጎኖሚክ» ይላል። ፎቶው ላይ ያለችው እናት ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ሆዷ ልጥፍ ብሏል፣ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እኔ ፀጉሬን ከታጠብኩ አምስት ቀን ሆኖኛል። ሆዴም ገና የስድስት ወር እርጉዝ ይመስላል። ቢሆንም ቀበቶውን አዞርኩና መመሪያው እንዳለው ዳሌዬ ላይ አሳረፍኩት። ዘለበቱ «ቀጭ» አለ። ልጁን አስገብቼ ማንገቻዎቹን ሳብ ሳብ አደረግኳቸው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደው።

ሁለቱም እጆቼ ነፃ ሆኑ! ይህ ምን ማለት እንደሆነ የወለደች ታውቀዋለች። ልብስ አጣጠፍኩ፣ ዕቃ አነሳሳሁ፣ ጥርሴን ሳልቸኩል ቦረሽኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ቤቱን ስዞር ቆየሁ። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ግን የቀበቶው የታችኛው ጠርዝ ስፌቱ ላይ ቀይ መስመር አስምሮበታል። በማግስቱ ደግሞ ወደ ቡናማ ተቀይሮ የነበረው ደም ተመልሶ ደማቅ ቀይ ሆነ።

ደነገጥኩ። ክትትሌን ለያዘችው አዋላጅ ነርስ ደወልኩላት።

«ሲስተር፣ ደሙ ተመልሶ ቀላ።»

«ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ኧረ ምንም። ልጁን አዝዬ ነበር እንጂ።»

«ለስንት ሰዓት?»

ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ቀበቶው የት ጋ ነው ያረፈው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም። ማዘያውን ስገዛ ሁሉም የጠየቀኝ ለልጁ ይመቸው እንደሆነ ነው። እኔም የጠየቅሁት ያንኑ ነው። የሚሸከመው ሰውነት ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ገና 11 ቀኑ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም።

ነርሷ መጀመሪያ የከፋ ነገር አለመኖሩን አጣራች። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚሞላ ከሆነ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከመጣ፣ ትኩሳት ካለኝ ወይም ስፌቱ ፈሳሽ ካወጣ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ። እንደዚያ አልነበረም። ሁለት ቀን ተኝቼ ልጁን አጠገቤ እያጠባሁ ሳርፍ ደሙ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ።

«አንቺ የምታይው ላይኛውን መስመር ነው» አለችኝ። ቆዳው ቶሎ ይገጥማል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲታይ ደህና ይመስላል። ከሥሩ ግን ስብ አለ፣ ጡንቻውን የሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን አለ፣ ከዚያም ማሕፀኑ ራሱ ተቆርጦ ተሰፍቷል። የሆድ ጡንቻው በአብዛኛው አይቆረጥም፤ ወደ ግራና ቀኝ ተገፍቶ ነው የሚከፈተው። ያ ጠንካራ ሽፋን ደግሞ ስድስት ሳምንት ላይ እንኳ የድሮ ጥንካሬውን አይመልስም። ወራት ይፈልጋል። በዚህ ላይ በኦፕራሲዮንም ሆነ በምጥ ለወለደች ሁሉ አንድ የማይታይ ቁስል አለ፤ እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት የማሕፀን ግድግዳ። ደሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ብዙ ስትንቀሳቀሺ ወይም ክብደት ስትሸከሚ ደሙ ከጨመረና ከቀላ፣ ሰውነትሽ «አልደረስኩም» እያለሽ ነው።

እንደ እኔ ያለች ሰው ይህን የምትረዳው በደም ካየችው በኋላ ነው።

እስቲ ወደ ቃሉ ልመለስ። «ኤርጎኖሚክ» የሚለውን ማንም ፋብሪካ ካርቶን ላይ ሊያትመው ይችላል። ለልጁ ሲሆን ትርጉሙ ይህ ነው፤ የማዘያው መቀመጫ ሰፊ ሆኖ ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ጉልበት ጭኑን ይደግፈዋል። ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ልክ እንቁራሪት ስትቀመጥ እንደምታደርገው። ጀርባው አራስ ልጅ እንደሚቆለመመው ትንሽ ጎበጥ ብሎ ያርፋል። ልጁን በእግሮቹ መሀል ባለች ቀጭን ጨርቅ ላይ አንጠልጥሎ እግሩን ቁልቁል የሚያንከረፍፈው ማዘያ ኤርጎኖሚክ አይደለም። የዳሌ መገጣጠሚያ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ተቋም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጭን ተደግፎ እግር ከፈት እንዲል ይመክራል። በዚያ ዕድሜ የዳሌ መገጣጠሚያው ገና ለስላሳ ነው።

ለተሸካሚዋ ሲሆን ደግሞ ትርጉሙ ክብደቱ ከትከሻና ከአንገት ወርዶ ዳሌ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው ያ ወፍራም ሰፊ ቀበቶ የተሠራው። ጤነኛ ወገብ ላላት ሴት፣ ለባልሽም ቢሆን፣ ትልቅ እረፍት ነው። ችግሩ ዳሌ ላይ ሲታሰር የቀበቶው ፊት የሚያርፈው በትክክል የኦፕራሲዮን ስፌት ባለበት ቦታ መሆኑ ላይ ነው። ሻጩ እንደ ዋና ጥቅም የሚያወድሰው ነገር ለእኔ ዋናው ጉዳት ሆነ። ማዘያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የተሠራው ለተሰፋ ሆድ ስላልሆነ ነው።

መቼ ልጀምር ለሚለው ጥያቄ የኔ ቀን ላንቺ አይሆንም። በአጠቃላይ በኦፕራሲዮን ለወለደች የሚባለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጅሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ ነው። ልጅሽን ማንሳት ይፈቀዳል ማለት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ተሸክመሽ ዕቃ እያነሳሽ ዙሪ ማለት አይደለም። እኔ ያንን ነው ያምታታሁት። እንደገና የጀመርኩት አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ነርሷን ጠይቄ፣ በዘለበት ሳይሆን በጨርቅ ነው። ባለ ቀበቶውን ደግሞ ከስድስት ሳምንቱ ምርመራ በኋላ ነው የነካሁት። ስፌቷ ያመረቀዘባት፣ ደም ያነሳት ወይም መንታ የወለደች ከዚህም በላይ ልትቆይ ትችላለች። ሐኪምሽን ስትጠይቂ «ማዘያ መጠቀም እችላለሁ?» ብቻ አትበይ። ማዘያውን ይዘሽ ሂጂ፤ አስረሽ አሳዪ። እኔ እንደዚያ ሳደርግ ሐኪሙ ራሱ ተነስቶ ቀበቶውን በጣቱ እየነካ «ይሄ እዚህ ጋ አይሆንም፣ ወደ ላይ» አለኝ።

ጨርቅ ያልኩት የሚለጠጠውን ረጅሙን ነው። አምስት ሜትር ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ ስትፈቺው ድንኳን ልትተክይ ነው የሚመስለው። እኔም ባለቤቴም በመጀመሪያው ቀን ተጠቅልለንበት ሳቅን፤ እሱ ስፌቴን ፈርቶ «አትሳቂ፣ አትሳቂ» እያለ። አንዴ ከለመድሽው ግን ለአራስ ሆድ እሱን የሚያህል አላገኘሁም። የሚቆነጥጥ ጠርዝ የለው፣ ዘለበት የለው። ክብደቱ በሁለት ትከሻና በጀርባ ሙሉ ይበተናል። ወገብ ላይ የሚዞረውን ክፍል በሰፊው ዘርግተሽ ከጡትሽ ሥር፣ ከስፌቱ በላይ ታሳልፊዋለሽ። ቋጠሮውን ሆድሽ ላይ አታድርጊው፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አድርጊው። ሦስት የጨርቅ ድርብ በልጁ ላይ ማለፍ አለበት፤ በአንድ ድርብ ብቻ የሚለጠጥ ጨርቅ አይታመንም። ጉድለቱ ሙቀት ነው። ሁለታችንም በላብ እንጠመቅ ነበር። ልጁም እየከበደ ሲሄድ ጨርቁ ይረግባል፤ የኔ ልጅ ሰባት ኪሎ ገደማ ሲሆን በየሃያ ደቂቃው ወደ ታች እየተንሸራተተ አስቸገረኝ።

ባለ ቀለበቱንም ሞክሬ ነበር፤ ያ በአንድ ትከሻ የሚነገተው። ሆድ ላይ ምንም አይነካም። ለአሥር ደቂቃ፣ ለማስተኛት፣ ጎበዝ ነው። ግን ክብደቱ ሁሉ አንድ ጎን ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ መገጣጠሚያን የሚያላላው ሆርሞን ያመጣው ልልነት ለወራት ሊቆይ ይችላል። እኔን ከወገቤ በታች በስተቀኝ ይዞኝ እርም አልኩ። ሌላዋ ልትወደው ትችላለች። ከተጠቀምሽበት ትከሻ እየቀያየርሽ ይሁን።

አሁን ባለ ቀበቶው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስመለስበት ያደረግኩት ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ቀበቶውን አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ወሰድኩት። ዳሌ አጥንት ላይ ሳይሆን ወገቤ ቀጠን በሚልበት ቦታ፣ ከጎድን አጥንቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ። በቃ። ያው ማዘያ፣ ያው ልጅ፣ ሌላ ዓለም። ልጁም አብሮ ከፍ ስለሚል አናቱን አንገቴን ሳላጎብጥ መሳም ቻልኩ። መጀመሪያ ግን አጠር ያለ የሆድ ጨርቅ አጥፌ በስፌቱና በቀበቶው መሀል አደርግ ነበር፤ ከሚፋተግ ይሻላል።

ይህ ለሁሉም ይሠራል ብዬ አልዋሽም። ታላቅ እህቴ በምጥ ነው የወለደችው፤ ከታች ተቀዶ ተሰፍታለች። የኔን ምክር ሰምታ ቀበቶውን ወደ ላይ አወጣችውና ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ከሰዓት በኋላ «የሆነ ነገር ከሥሬ ሊወርድ ይመስለኛል» አለችኝ። ስታስልም ሽንቷ ያመልጣታል። ፊዚዮቴራፒስቷ እንደነገረቻት ሆድ መሀሉ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ግፊቱ መሄጃ ያጣና ወደ ታች ይወርዳል፤ ያውም ፊኛንና ማሕፀንን ደግፎ የያዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ ገና በደከመበት ሰዓት። ለእሷ ቀበቶው ወደ ዳሌ መውረድና ላላ ማለት ነበረበት። ያ ቦታ እሷ ላይ ቁስል የለበትም። እኔን የፈወሰኝ እሷን ሊጎዳት ነበር። ስለዚህ ጓደኛሽ «እኔ እንዲህ ነው የማስረው» ስትልሽ መጀመሪያ እንዴት እንደወለደች ጠይቂያት። ይህን ጽሑፍ ስታነቢም እንደዚያው።

ሌላም ልየው የሚገባ ነገር አለ። ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ አንገትሽን ቀና ስታደርጊ የሆድሽ መሀል እንደ ጣሪያ ክፈፍ ሾጠጥ ብሎ ከተነሳ፣ ሁለቱ የሆድ ጡንቻዎች ገና ተለያይተዋል ማለት ነው። ከእርግዝና በኋላ የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ላይ በጊዜ ይጠባል። እስከዚያ ግን ልጁን ተሸክመሽ ወደ ኋላ ተለጥጠሽ አትቁሚ። ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ሆዳችንን ወደ ፊት ገፍተን፣ ትከሻችንን ወደ ኋላ ጥለን። እርግዝና ያስተማረን አቋቋም ነው። እኔ መስታወት ውስጥ ጎኔን ሳይ ነው የነቃሁት። ጎድን አጥንትሽን ከዳሌሽ በላይ አምጪው፣ ጉልበትሽን አታድርቂው። ያኔ ወገብሽ ወዲያው ያመሰግንሻል።

አስተሳሰሩን በተመለከተ ማንም ያልነገረኝ ነገር የጀርባዋ ትንሿ ዘለበት ናት። ማንገቻዎቹን ከኋላ የምታያይዘዋ። ለመዝጋት ሁለት እጅ ወደ ኋላ መጠምዘዝ ይጠይቃል። እሱ ስፌትን ይጎትታል። የኔ መላ ቀድሜ መዝጋት ነው፤ ማንገቻዎቹን አላልቼ፣ ዘለበቷን ዘግቼ፣ እንደ ሹራብ በአናቴ አጠልቀዋለሁ። ከዚያ ነው የማጠብቀው። የምታርፈውም አንገት ሥር ሳይሆን ዝቅ ብላ ብብት ትክክል ነው።

ልጁን የማስገባው ቆሜ አይደለም። አልጋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጁ አጠገቤ ከፍ ያለ ትራስ ላይ ነው። ወደ ደረቴ አስጠግቼ አስገባዋለሁ። ልነሳ ስል ትንፋሼን እያወጣሁ ነው፤ ትንፋሽ ይዞ መነሳት ሆድንም ከታችም ይገፋል። ዕቃ ከወለል ላይ ከወደቀ ይቅር። የግድ ከሆነ አንድ እጅ ልጁ ላይ አድርጎ ጉልበትን አጥፎ መውረድ ነው እንጂ ወገብ ማጠፍ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔ በእግር ጣቴ ማንሳት ተክኜበታለሁ።

እጅን ካነሳን፣ በሦስተኛው ወር አካባቢ የቀኝ እጄ አንጓ ከአውራ ጣት ሥር ቆርጦ ሊጥለኝ ደርሶ ነበር። ልጁን በብብቱ ይዤ፣ አውራ ጣቴን ከፍቼ በቀን መቶ ጊዜ ሳነሳ የጅማቱ ሽፋን ተቆጥቶ ነው። አራስ እናቶችን በብዛት የሚይዝ ሕመም ነው። አሁን አንዱን እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላውን ከጀርባው አድርጌ አፍሼ ነው የማነሳው። ማዘያው እዚህ ላይ በእውነት ረድቶኛል፤ አንዴ ከገባ በኋላ አንጓዬ ያርፋል።

ጡትስ? የትከሻ ማንገቻው ወደ ፊት ሲመጣ የጡት ጎን ላይ የሚጫን ከሆነ ወተት ሊቋጥር ይችላል። አንድ ቀን ግራ ጡቴ ጎኑ ላይ እንደ ለውዝ የጠጠረ እብጠት አገኘሁ። ማንገቻው ያረፈበት ቦታ በትክክል ነው። ማንገቻውን ወደ ውጭ ገለጥ አድርጌ፣ በየመሀሉ ማውለቅ ስጀምር ተመልሶ አልመጣም። ከእብጠቱ ጋር ቅላትና ትኩሳት ከመጣ ግን ማሸት ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

የልጁን ትንፋሽ ግን በአጭሩ አላልፈውም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደህንነት ኮሚሽን ባለ ማንገቻ ጨርቆችን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 14 ሕፃናት ሞተዋል፤ ከእነዚህ 12ቱ ገና አራት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ጨርቁ ወይ የእናት አካል አፍና አፍንጫውን ይደፍነዋል። ወይም ልጁ ጥቅልል ብሎ አገጩ ደረቱ ላይ ይጣበቅና የአየር ቧንቧው ይታጠፋል። የአራስ ልጅ አንገት ራሱን ቀና አያደርግም። የሚያሳዝነው ደግሞ ድምፅ አያሰማም፤ የተኛ ይመስላል።

እኔ እንዴት ነው የማየው? ፊቱ ያለ ምንም መግለጥ መታየት አለበት። አናቱን አጎንበስ ብዬ መሳም መቻል አለብኝ። በአገጩና በደረቱ መሀል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ጀርባው ላይ እጄን ጫን ሳደርግ ወደ እኔ የሚሰበሰብ ከሆነ ልል ነው፤ ላጠብቅ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ወይም ጉንፋን ይዞት አፍንጫው የታፈነ ልጅ ከሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ አይታዘልም። ማዘያው ውስጥ ሆኖ እያጠባሁም አውቃለሁ። ግን ጠብቶ ሲጨርስ መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ፤ አገጩ የሚወርደው ያኔ ነውና። ምድጃ አጠገብ፣ መኪና ውስጥ፣ ትኩስ ነገር ይዞ፣ በፍጹም። እኔ እንቅልፍ ሲጥለኝም አወልቀዋለሁ። አንዴ ሶፋ ላይ ላሸልብ ስል ባለቤቴ ደርሶ ነው ያወጣው።

ይህን ሁሉ ስል ማዘያ ጠላት እንዳይመስልብኝ። በ1986 እ.ኤ.አ. ሁለት ካናዳ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 99 እናቶችንና ሕፃናትን ይዘው ባወጡት ጥናት፣ ሳያለቅሱም ጭምር ብዙ ሰዓት የታቀፉ ሕፃናት ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ ያለቅሱ ነበር። በምሽቱ ሰዓት ደግሞ በግማሽ ያህል። ስድስተኛው ሳምንት ለቅሶ ጣራ የሚነካበት ጊዜ ነው። የምሽቱን ሰዓት የምታውቂው ታውቂዋለሽ። ቁልፉ «ሳያለቅሱም ጭምር» የሚለው ነው፤ ከጮኸ በኋላ ከማዘል ከመጮኹ በፊት ማዘል። እኔ በ11 ሰዓት ገደማ አስቀድሜ ማዘል ስጀምር ማታችን ተቀየረ። ልጁም ተኛ፣ እኛም ተነፈስን።

«እኛ» ያልኩት ለምክንያት ነው። ከሁሉ የጠቀመኝ ምክር የእናቴ ነው። ከስፌቱ ጋር ስታገል አይታኝ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዕቃ አባት አይለብሰውም ተብሎ ተጽፎበታል እንዴ?» አለችኝ። አልተጻፈበትም። ባለቤቴ ስፌት የለበትም፣ ደም አይፈሰውም፣ ዳሌውም አልላላም። በእነዚያ የመጀመሪያ ስድስት ሳምንታት ማዘያውን መልበስ ያለበት እሱ ነበር። እኔ መተኛት ነበረብኝ። ሁለታችንም ያንን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከዚያ ወዲህ ምሽቱን እሱ ያዝላል። መጀመሪያ ላይ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር፤ አሁን ስልክ እያወራ፣ ልጁን ቸብ ቸብ እያደረገ ኮሪደሩን ይመላለሳል። ለሁለታችሁ እንዲሆን ከፈለግሽ ስትገዢ ቀበቶው በቀላሉ የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑን እዪ።

ስለ መግዛት ካነሳሁ አይቀር፣ ሳይወለድ አትግዢ እላለሁ። ወይም ከገዛሽ ካርቶኑን አትጣይ። እርጉዝ ሆነሽ የምትሞክሪው ወገብ ከወለድሽ በኋላ ያለው ወገብ አይደለም። መለያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ክብደት አንብቢ፤ ብዙዎቹ ከ3.2 ወይም ከ3.5 ኪሎ ይጀምራሉ። አንዳንዱ ለአራስ ተጨማሪ ትራስ ይፈልጋል፤ ትራሱ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ ሂሳቡን ደምሪ። ሰው የተጠቀመበትን ብትወስጂ ነውር የለውም። እኔ ሁለተኛውን የወሰድኩት ከዘመድ ነው። ግን ስፌቶቹን አንድ በአንድ በጣትሽ እየሳብሽ እዪ፤ ዘለበቶቹን ደጋግመሽ ክፈቺ ዝጊ። «ቀጭ» የማይል ዘለበት አይታመንም። ወደ ውጭ ፊቱን አዙሮ የሚይዘውን ሻጮች በጣም ያሽሞነሙኑታል። አንገቱን ሳይችል አይሞከርም። ለአራስ ወገብም ያከብዳል፤ ልጁ ከሰውነትሽ ወደ ፊት ስለሚርቅ ይጎትትሻል። እኔ ለአንድ ሳምንት ሞክሬ ተውኩት።

የቆይታውን ነገር ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። በአምስተኛው ሳምንት በ15 ደቂቃ ነው የጀመርኩት፤ ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ። በማግስቱ ደሙን አያለሁ፣ ስፌቱን አያለሁ፣ ከታች የሚከብደኝ ነገር እንዳለ አዳምጣለሁ። ሦስቱም ደህና ከሆኑ አምስት ደቂቃ እጨምራለሁ። አንዱ ካስጠላኝ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። አንዴማ ሙሉ ሳምንት አቆምኩ። አልጋ በአልጋ አልነበረም።

አሁን ልጁ ሰባት ወር ሆኖታል። ብቻውን መቀመጥ ስለቻለ ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬ ላይ አደረግኩት። እናቴ ከኋላ ደግፋ፣ ባለቤቴ አልጋው ላይ ትራስ ደርድሮ፣ ሦስት ሰው ሆነን። ቀበቶው አሁን ዳሌዬ ላይ ነው፤ መመሪያው መጀመሪያ ባለበት ቦታ። ስፌቱ ሥር ያለው ቆዳ እስካሁን ደነዝ ነው፤ ስነካው የሌላ ሰው ይመስለኛል። ግን አላመመኝም። ልጁ ከኋላ ሁለት እጁን ሰዶ ፀጉሬን ጨምድዶ ያዘና ጎተተ። ያ ነው ያመመኝ።